ያችን ኤፍ ይቅር በይልን

እናቴ እኔን የዳረችኝ ረቡዕ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ነው። ለማን ብላ አልጠየቀችም። እኔ ጓሮ ሆኜ ጀሪካን እየሞላሁ ነበር፤ እኛ ሰፈር፣ ሳሙና በር፣ ውሃ ከመጣ በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ ያውም ጎህ ሲቀድ። ያን ጊዜ ያልቀዳ ሰው ከቦቴ ይገዛል። የግቢው በር ተንኳኳና እማዬ ከፈተች፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። እናቴ ትርንጎ በር ከፍታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ሲመጣ የሚስቱን ጤና፣ የልጆቹን ትምህርት ጠይቃ ነው የምታስገባው። ምን ነክቷት ነው ብዬ አንገቴን ብቅ ሳደርግ ሦስት ሽማግሌዎች በሐምሌ ዝናብ ጋቢያቸውን አደግድገው በሩ ላይ ቆመዋል። አንደኛው ቄስ ናቸው፣ መስቀላቸውን ይዘዋል። ሦስቱም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ግቡ ስትላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ስትላቸው ግን ሳሎኑ መካከል ቆሙ።

አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት፣ ሦስት ሽማግሌ በጠዋት መጥቶ አልቀመጥም ካለ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እማዬ ይህን ጠዋት ስትጠብቅ ኖራለች። ኮሌጅ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህማ ባሰባት፤ የማልሰማት እየመሰላት ለጎረቤት "ዲግሪዋ ወንዱን አባረረብኝ" ትላለች። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ አያ አለነ የሚባሉት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከድብ ባሕር እንደመጡ፣ ወለቃ ዘመድ ቤት እንዳደሩ፣ የመጡትም በልጅዎ ጉዳይ ነው ብለው ነገሯትና "እሺ ካላሉን አንቀመጥም እሜቴ" አሉ። በደህናው ጊዜ እዚህ ላይ ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል። የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሠራል ተብሎ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የኔ እናት ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ "እሺ ብያለሁ አባቶቼ፣ ቁጭ በሉ" አለች። እኔ ጓሮ ቆሜ ይህን ስሰማ ጀሪካኑ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስስ ነበር።

ተቀመጡ። ቄስ ዕንባቆም ቤቱን መረቁ፣ እሷንም መረቁ፣ እኔ ስገባ እኔንም መስቀል አሳለሙና መረቁ። ሦስተኛው ሽማግሌ ስማቸውን እንኳ አልያዝኩትም፤ ሥራቸው አንገት መነቅነቅ ነበር፣ እሱንም በደንብ ሠሩት። እማዬ ከዐይኗ እንባ እየጠረገች ሰሐን ታቀራርባለች። ከዚያ አያ አለነ ወደ እኔ ዞሩ። "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሸጋ ቤት ነው የገባነው። እንግዲህ እሜቴ እሺ ብለውናል፤ አንቺም ልጄ፣ ያችን ኤፍ የሚሏትን ነገር ለልጃችን ይቅር በይልን" አሉ።

የእናቴን ፊት ማየት አልፈለግሁም፤ ሽማግሌዎቹን እያየሁ ቀረሁ። ልጃችን ያሏት የዓለምወርቅ ሰውአገኝ ናት፣ አንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ስታቲስቲክስ የማስተምራት። ዘንድሮ ከመቶ ሠላሳ አንድ አገኘች። ከአርባ በታች ኤፍ ነው፤ ሲ የሚጀምረው ከሃምሳ ነው። ኮሌጃችን ተማሪ አጠቃላይ ነጥቡ ከተወሰነው ሲወርድ መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፣ ሲደግም ያሰናብታል። እሷ ማስጠንቀቂያዋን በመጀመሪያው መንፈቅ ጨርሳለች። አሁን የኔ ሲ ካለ ትቀጥላለች፣ የኔ ኤፍ ካለ ትሄዳለች። ይህን ሁሉ እንደ ክፍል ውስጥ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው፤ እነሱም በትሕትና ካዳመጡ በኋላ ልጅቱ በምን እንዳስቀየመችኝ ጠየቁኝ። አላስቀየመችኝም፣ ፈተና ወደቀች አልኩ። ምንም ታድርግ ልጅ ናት ይቅር ይባላል አሉ። አባትየው የት ነው ብል ከአጥሩ ውጭ ቆሟል አሉኝ። በእርቅ ወግ የበዳይ ወገን ሽማግሌ እስኪጨርስ ከደጅ ነው የሚቆመው፤ ሰውየው በሐምሌ፣ በእርሻ ወር፣ በሬውን አስቁሞ መጥቶ የኔን ኤፍ እንደ ደም ሊያስታርቅ ዝናብ ላይ ቆሟል። እንግዲህ ምን ይባላል።

ግሬድ የሚቀየረው የድምር ስህተት ሲገኝ ብቻ ነው አልኳቸው። ቄስ ዕንባቆም "እንግዲያስ ይፈለጋ" አሉ፣ የጠፋ በግ ያለ ይመስል። የተሰናበተች ተማሪ እኮ ከዓመት በኋላ ተመልሳ የወደቀችበትን ደግማ መማር ትችላለች፣ ሞት አይደለም ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። አያ አለነ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውአገኝ ሁለት ጊዜ አይልክም አሉ፤ ከኮሌጅ ተመልሳ ደጁን ከረገጠች አበቃ ብሏል፣ ሰውአገኝ ደግሞ ካለ አለ ነው፤ ሌላው ቀርቶ ልጅቱን ለሚስትነት የሚጠይቅ ሰው ካሁኑ አላጣም። አመሻሹ ላይ ለመልሱ እንመጣለን ብለው ተነሡ። እማዬን ሲሰናበቱ ስለ ቃልዎ እግዜር ይስጥልን አሏት። እሷም አሜን አለች፤ ሌላ ምን ትበል።

ከሄዱ በኋላ ሰሐኖቹን አብረን አነሣን። አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፣ ጠየቅኋት። ለማን መስሎሽ ነው እሺ ያልሽው አልኳት። ለመጣው አለች። የመጣው ማን ቢሆን ነው አልኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ እያጠበች "ማንም ይሁን" አለች። ተናደድኩ። ከንዴቱ ደግሞ ሐዘኑ በለጠ፤ እናቴ ለበግ እንኳ ጥርሱን አይታ ነው የምትገዛው። ቦርሳዬን አንሥቼ ልወጣ ስል፣ ቃል ሰጥቻለሁ ፀደይ፣ ሽማግሌ አሳፍሬ በዚህ ሰፈር በየትኛው እግሬ እሄዳለሁ አለችኝ። ጥያት ወጣሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እሷ ያወጣችውን ግን ሄደሽ ፈጽሚ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ባጃጁ ዝናብ ነው ብሎ ሃያ የነበረውን አርባ አስከፈለኝ፤ ዝናቡ በጎን እየገባ ተሳፋሪውን ሁሉ እያጠበ ለምን እንደጨመረ አልገባኝም። ኮሌጁ አንድ ክፍል ለሦስት መምህር ሰጥቶናል፣ ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ከጣሪያው ለሚያፈስሰው አንድ ባልዲ። ኢኮኖሚክስ የሚያስተምረው ሐምዛ ገና ሲያየኝ ሣቀ። ድብ ባሕሮቹ መጡብሽ አይደል አለኝ። እሱ ጋ ባለፈው ሳምንት መጥተው ኖሯል። የሙስሊም ቤት ነው ብለው ቄሱን ትተው ከዚያው ከአገራቸው አንድ ሼህ ይዘው ነው የመጡት፤ ሼሁ ዱዓ አድርገው፣ አባቱን ከነአያቱ አመስግነው፣ ሳይቀመጡ ጠየቁት። ክፍሉን የምትጋራን ሄለን ጋ ደግሞ ቤቷ አልሄዱም፣ አዘዞ አባቷ ጋ ነው የሄዱት፤ አባቷ የቀድሞ ወታደር ስለሆኑ የመቶ አለቃ የነበሩ ሰው ይዘው። የሐምዛ ዲ ወደ ሲ፣ የሄለንም ዲ ወደ ሲ ተቀይሯል። በምክንያቱ ቦታ ሁለቱም የድምር ስህተት ብለው ሞልተዋል። ሰው ነን እኮ ፀዲ አለኝ ሐምዛ፣ ባልዲውን ወደ ውጭ እየደፋ፤ ሽማግሌ ቆሞብኝ የሥራ መመሪያ ላንብብለት እንዴ? እኔ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ነኝ። እኔን ያዘገዩኝ፣ ሐምዛ እንደሰማው፣ ክፉ ናት ተብሎ ስለተነገራቸው ነው።

ክፉዋ መምህርት ቁም ሣጥኑን ከፍታ የልጅቱን ወረቀት አወጣች። እውነቱን ለመናገር ነጥብ ፍለጋ ነው ያወጣሁት፤ የእማዬ ፊት ከዐይኔ አልጠፋ ብሎኝ። ጥያቄው የአምስት ገበያ የጤፍ ዋጋ ሰጥቶ አማካዩንና ልዩነቱን አስሉ ይላል። የዓለምወርቅ አላሰላችም። የአማካይን ትርጉም ከስላይዴ ላይ ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዲት ነጥብ ሳታጎድል ጽፋለች። ቀጥላ የልዩነትን ትርጉም ጽፋለች። ቀጥላ ያልተጠየቀችውን የሚቀጥለውን ስላይድ ጽፋለች። ገጹ ሲያልቅ፣ እኔ ሁልጊዜ በስላይዱ መጨረሻ የማስቀምጣትን "ታንክ ዩ፣ ጥያቄ አላችሁ?" የምትለዋንም ጽፋታለች። መጀመሪያ ስሣቅ ሐምዛ ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ ከዚያ ሣቄ ቆመ። ይህች ልጅ እንደ ዳዊት ደግማው ነው የመጣችው፤ አንድ ሌሊት ሳይሆን ብዙ ሌሊት ነው የፈጀችው። የገባት ነገር ግን የለም። አንዱ ቦታ ቀመሩን ትክክል ጽፋው ሳላይላት ኖሯል፣ ሦስት ነጥብ ጨመርኩላት። ሠላሳ አራት ሆነች። ሁለተኛ ዞርኩ፣ ሦስተኛ ዞርኩ፤ ሠላሳ አራት ሠላሳ አራት ነው።

ከምሳ በፊት ልጅቱ ራሷ መጣች። በር ላይ ቆማ ጃንጥላዋን ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች። ሐምዛ ነገሩ ገብቶት ስልክ እንደተደወለለት ሰው ሆኖ ወጣ። ወለቃ ያለችው አክስቷ ደውላ ነግራታለች፤ አባቷ ዛሬ ቤቴ እንደመጣ ታውቃለች። እሷም ልትለምነኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይለመናል?

"ቲቸር፣ አይቀይሩልኝ" አለች።

መስማቴን ተጠራጠርኩ። ቁጭ በይ አልኳት፣ ተቀመጠች፤ እጇን ጉልበቷ መካከል አድርጋ ወለሉን እያየች ነገረችኝ። ዘጠነኛና ዐሥረኛን የተማረችው ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው፤ መጀመሪያ በሽታው፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ደግሞ የመንገዱ መዘጋት። ኮሌጅ ስትገባ ሌላው የሚያውቀውን እሷ ስለማታውቀው መያዝ ጀመረች፣ ቃሉን ብቻ። የመምህር ሐምዛን ሲ ስትሰማ አልቅሳለች። ደስ ብሏት አይደለም። አሁን እኔም ሲ ከሰጠኋት ሁለተኛ ዓመት ትገባለች፣ የመጀመሪያው ሳይገባት፤ ያን ጊዜም አባቷ ሽማግሌ ያመጣል፤ አያ አለነ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ እስከ ምርቃት በእሳቸው ጉልበት አልደርስም አለች። ይህን ስትል ፈገግ ብላለች፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ዓመት ተቀምጣ፣ የስምንተኛን ሒሳብ መጽሐፍ ከሥሩ ይዛ፣ ደንቡ እንደሚለው ተመልሳ መግባት ነው የምትፈልገው። እንዲህ ከሆነ ለአባትሽ ንገሪው አልኳት።

"እኔን ብሎ ሽማግሌ ይዞ ከወጣ በኋላ ምን አፍ አለኝ? አንዴ ከተመለስኩ ደግሞ አይልከኝም፣ ብሏል። እርስዎ ይንገሩልኝ ቲቸር።"

ወጥታ ከሄደች በኋላ ሠላሳ አራቷን ሬጅስትራር ወስጄ አስገባሁ። ኤፉ ኤፍ ሆኖ ጸና። ጸሐፊዋ ስሙን አይታ፣ ይህች በሽማግሌ የምትማረው ልጅ አይደለችም እንዴ አለችኝ። በኮሌጁ ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ ቤት ስመለስ እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሳሎኑን ጠርጋ፣ ዳቦ ገዝታ ጠበቀችኝ። በምን ገንዘብ እንደገዛችው አላውቅም፤ ዳቦ ሠላሳ ብር ከገባ ወዲህ እኛ ቤት የሚገዛው ለእንግዳ ነው። ስህተቱን አገኘሽ ወይ አለችኝ። ሦስት ነጥብ አገኘሁ አልኩ። ይበቃል ወይ አለች። አይበቃም አልኩ። አንድ ወንበር ላይ እሷ፣ አንድ ወንበር ላይ እኔ፤ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። እናቴን እያየኋት ነበር። ስለ ጠዋቱ ነገር ልትናገር አፏን ትከፍትና ትተወዋለች። እኔም አልረዳኋትም፤ ገና አልበረደልኝም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እንደ ጠዋቱ አልቆሙም። ጉዳያቸው ያለቀላቸው ሰዎች ናቸውና ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ። እኔ መናገር ልጀምር ስል እማዬ እጇን አነሣች። እሷ አልተቀመጠችም ነበር።

"አባቶቼ፣ እኔ አጥፍቻለሁ" አለች። "ጠዋት ስትመጡ ለልጄ ባል የመጣ መሰለኝ። ሳልሰማችሁ እሺ አልኩ። እሷንም ሳልጠይቅ ነው። እሺ ማለት የሷ ነበር፣ የኔ አልነበረም።"

ቄስ ዕንባቆም መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። አንገት የሚነቀንቁት ሰውዬ መነቅነቁን ተዉት። እናቴ በሰፈሩ የቀበሌ ሊቀ መንበርን ተሟግታ የረታች ሴት ናት፤ ሰው ፊት አጥፍቻለሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ጠዋት የተናደድኩባትን ያህል አሁን አሳዘነችኝ፣ ደግሞም ኮራሁባት፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደመጡ አላውቅም። አያ አለነ ግን ለአንድ አፍታ እኔን ዐይተው፣ ወደ እናቴ ዞረው "ምነው እሜቴ፣ ይኸስ ቢሆን ምን ክፋት ነበረው" አሉ፣ ፈገግ ብለው። ነገሩ ትንሽ ቀለለ። እኔም የልጅቱን ቃል ነገርኳቸው፣ አንድም ሳልቀንስ፤ እንዳይቀየርላት ራሷ እንደለመነችኝ፣ ዓመት ተቀምጣ ከሥሩ ልትጀምር እንደምትፈልግ፣ ደንቡም እንደሚፈቅድላት። ቄሱ ጥቂት አሰቡና አባትየው ይግባ አሉ።

ሰውአገኝ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፣ የላስቲክ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ በመዋሉ ከንፈሩ ጠቁሯል። ቄሱ ነገሩት፣ እንደ ነገርኳቸው አድርገው። ከዚያ ድምፁን ሳያነሣ ሁለት ጊዜ አልክም ብያለሁ፣ የተናገርኩትን አላጥፍም፣ በአገር ፊት ነው ያልኩት አለ። ወደ እኔ ዞረና፣ ይህን የምታስብ ከሆነ ለኔ ለአባቷ ለምን አልነገረችኝም፣ ለእርስዎ ከነገረች አለኝ። በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። እኔም በእውነት መለስኩለት።

"እርስዎ ለኔ የሚልኩት ሽማግሌ አለዎት" አልኩት። "እሷ ለእርስዎ የምትልከው የላትም።"

"አላት" አለች እማዬ።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አደገደገች፣ ወገቧ ላይ አሠረች፣ መጥታም ከፊቱ ቆመች። ሴት ሽማግሌ ሆና ስትቆም በዕድሜዬ አላየሁም፤ የነበሩትም ያዩ አይመስለኝም። ሰውአገኝ ግራ ገብቶት ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ። ቄስ ዕንባቆም መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና ከእማዬ ጎን ቆሙ። ስማቸውን ያልያዝኩት ሰውዬ ተነሡ። አያ አለነ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እየተነጫነጩ፣ በመጨረሻ ተነሡ። "በል ሰውአገኝ፣ ቀኑን ሙሉ በአንተ ቃል ሰው ስለምን ዋልኩ። አሁን ደግሞ አንተን ነው የምለምን። ልጅቱ ዓመት ትቀመጥ፣ ማንም አይጠይቃት፣ ከዚያ ትመለስ። እሺ ካላልከን አንቀመጥም" አሉ።

እኔም ተነሣሁ። ጠባብ ሳሎን ውስጥ አምስት ሰው ቆሞ አንዱን ሰው ያያል። ሰውአገኝ አንድ በአንድ ዐየን፣ ቄሱን፣ አያ አለነን፣ ዝምተኛውን፣ የማያውቃትን ሴት፣ ልጁን የጣለችውን መምህርት። ከሀገሩ በሬ አስቁሞ፣ እግራቸውን ይዞ፣ ለምኖ ያመጣቸው ሰዎች ናቸው፤ አሁን እምቢ ቢል የሚያሳፍረው የሌላ ሰው ሽማግሌ ሳይሆን የራሱን ነው።

"አይ እናንተ" አለ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፣ ዝናብ ይሁን ሌላ አላውቅም። ቀና ሲል በሰው ቤት መቆሙን የረሳ ይመስል፣ እጁን ወደ ወንበሮቹ ዘረጋልን።

"በሉ ተቀመጡ" አለ።

ተቀመጥን።